የሐዋሳ ንጋትና አውራ ዶሮዎቿ

አንባቢዎቼ ሆይ፥ ሐዋሳን ለማየት የመጣ እንግዳ ሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ሐይቁን ነው። አይፈረድበትም። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ሲጓዝ የዋለ ሰው፥ ባቱንና ሻሸመኔን አልፎ ከከተማው ሲደርስ ዓይኑ ውሃ መፈለጉ የተገባ ነው። ከገብርኤል ቤተ ክርስቲያን አደባባይ ወደ ሐይቁ የሚወስደውን ሰፊ ጎዳና ይዞ ቢወርድ ፍቅር ሐይቅ ከተባለው ስፍራ ይደርሳል። በማለዳ ወደ አሞራ ገደል ቢዘልቅ ደግሞ ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ሲያራግፉ፥ አባ ኮዳ የሚባለውም ራሰ በራ ወፍ እንደ ሽማግሌ ዳኛ ቀጥ ብሎ ቆሞ ፍርፋሪውን ሲጠብቅ ያያል።

ይህን ሁሉ ፎቶግራፍ አንሺዎች አሳይተዋችኋል። ስለዚህ እኔ ዛሬ ወደ ሐይቁ አልወስዳችሁም። ከቆርቆሮው አጥር በስተኋላ ወዳለው ጓሮ ግቡልኝ፤ የምነግራችሁ ስለ አውራ ዶሮ ነው። «ስለ አውራ ዶሮ ደግሞ ምን የሚነገር ነገር አለ?» የሚል ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ። እኔም እንዲሁ እል ነበርና።

ሐዋሳ ገና ወጣት ከተማ ናት። የተቆረቆረችው በ1952 ዓ.ም. ስለ ሆነ፥ መንገዶቿ እንደ ጥንቶቹ ከተሞች የተጠማዘዙ ሳይሆኑ ሰፋፊና ቀጥ ያሉ ናቸው። ዩኒቨርሲቲዋ በ1992 ዓ.ም. ተቋቋመ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኳ በ2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ ከ2012 ዓ.ም. ወዲህም የሲዳማ ክልል ርእሰ ከተማ ሆናለች። ቀን ቀን ባጃጁና የሕንፃ ሥራው ጆሮ ያደነቁራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ግን ይህች ዘመናዊ ከተማ ተመልሳ ገጠር ትሆናለች። የቤተ ክርስቲያኑ ቅዳሴና የመስጊዱ አዛን ገና ሳይሰሙ፥ በአንድ ጓሮ አንድ አውራ ዶሮ ይጮኻል፤ ከታቦር ተራራ ግርጌ ሌላው ይመልስለታል፤ ከዚያም ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተቀባበሉት እስከ ሐይቁ ዳር ያደርሱታል። ከዚያ ወዲያ መተኛት ለታደለ ሰው ብቻ ነው።

እኔ በዚህ ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ተወልጄ ያደግሁት በጎጃም ነው፤ ከዩኒቨርሲቲ እንደ ወጣሁ ዕጣዬ ወደዚህ ጣለኝ። የምኖርበት ግቢ ባለቤት ዕድሜያቸው የገፋ እናት ናቸው፤ እኛ ተከራዮቹ ሁላችን «እማማ» እንላቸዋለን። በግቢው አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ፥ ጥቂት እንሰት፥ አራት የኪራይ ክፍሎችና አንድ የዶሮ ቤት አሉ። እማማ አንድ የልጅ ልጅ ያሳድጋሉ። የክፍሎቹ ኪራይ ለቀለብ ይውላል፤ ለልጁ ደብተርና ለትምህርት ቤት ክፍያ የሚሆነው ግን ከዶሮዎቹ ነው የሚገኘው።

እንግዲህ ጥፋቴን ልናዘዝ። መስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ለእንቁጣጣሽ ጓደኞቼን ምሳ ጠርቼ ስለ ነበር፥ በዋዜማው እማማን «አንድ ዶሮ ይሽጡልኝ» አልኋቸው። በጓሮው ሁለት አውራዎች ነበሩ። አንደኛው ቀይ፥ ደረቱ የሰፋ፥ ድምፁ ከሩቅ የሚለይ ነበር፤ ሁለተኛው ግራ እግሩን የሚያነክስ ከሲታ ገብስማ ነበር። የቱን እንደ መረጥሁ መናገር አያስፈልገኝም። እማማ ጥቂት አመነቱ፤ ነገር ግን «ለመምህር እንዴት እምቢ ይባላል?» ብለው ከገበያው ዋጋ እንኳ ቀንሰው ሰጡኝ። ወጡ ግሩም ነበር። እንግዶቼም አመሰገኑኝ።

ነገሩ የታወቀኝ በጥር ወር ነው። አንዲት እናት ዶሮ 11 እንቁላል ታቅፋ ነበር። እንቁላል ከታቀፈ በ21ኛው ቀን እንደሚፈለፈል ሁሉም ያውቃል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የወጡት ጫጩቶች ሦስት ብቻ ሆኑ። እማማ «ዓይን ነው» አሉ። እኔም የባዮሎጂ መምህርነቴ ትዝ ብሎኝ የቀሩትን ስምንት እንቁላሎች በጨለማ ክፍል በእጅ ስልኬ መብራት አየኋቸው። ሁለቱ ውስጣቸው ጠቁሯል፤ ጽንሱ ከተጀመረ በኋላ የሞተ ነው። ስድስቱ ግን ከዳር እስከ ዳር ብርሃን ያሳልፋሉ፤ የደም ሥር ምልክት እንኳ የለባቸውም። ይህም ማለት ከመጀመሪያውም ዘር አልነበረባቸውም። የሚያነክስ አውራ እናት ዶሮዋ ላይ ወጥቶ ሚዛኑን መጠበቅ ስለማይችል፥ ቢሞክርም ብዙ ጊዜ አይሳካለትም። ደኅናውን አውራ በልቼ፥ ለዘጠኝ እናት ዶሮዎች አንካሳ አባት የተውሁላቸው እኔ ነኝ።

ይህ የእኔና የእማማ ጓሮ ታሪክ ብቻ ቢሆን ባልጻፍሁት ነበር። ነገር ግን በአገራችን በየዓመቱ በእንቁጣጣሽ፥ በገናና በፋሲካ የሚሆነውን አስቡት። ገዢው የሚመርጠው ቀዩን፥ ትልቁን፥ በራሱ ላይ ያለው ሥጋ የደመቀውን ነው። ስለዚህ ከየጓሮው ለቢላዋ የሚወጣው ምርጡ ነው፤ ለዘር የሚቀረው ደግሞ ገዢ ያጣው ነው። ገበሬ ለዘር የሚሆነውን እህል ከምርቱ መካከል ለቅሞ ያስቀምጣል እንጂ ግርዱን አይዘራም። በዶሮ ላይ ግን ግርዱን እንዘራለን። የአበሻ ዶሮ ትንሽ ነች፥ በዓመት ከ40 እስከ 60 እንቁላል ብቻ ትጥላለች እያልን እናማርራለን፤ አባቷን የመረጥንላት ግን እኛው ነን። በአገራችን ዶሮ እንግዳ አይደለችም። በምሥራቅ ትግራይ መዝብር በተባለው ስፍራ ከአክሱም መንግሥት በፊት የነበሩ የዶሮ አጥንቶች ተቆፍረው ተገኝተዋል፤ ዕድሜያቸውም ከ2,500 ዓመት ይበልጣል። ይህን ያህል ዘመን አብራን የኖረችን እንስሳ አባት መምረጥ ሳንማር መቅረታችን ያሳዝናል።

እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አንድ ነገር ልግለጽ። እንቁላል ብቻ የሚፈልግ ሰው አውራ ዶሮ አያስፈልገውም። እናት ዶሮ አውራ ኖረም አልኖረም እንቁላሏን ትጥላለች፤ አውራው የሚያስፈልገው ጫጩት ለማስፈልፈል ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ የተሻሻሉ ዶሮዎችን በጓሮው የሚያረባ የከተማ ሰው በርክቷል። የእንቁላል ዝርያ ገዝቶ እንቁላል ብቻ ለሚሸጥ ሰው አውራ መቀለብ ከንቱ ወጪ ነው። ጫጩት የሚፈልግ ሰው ግን ለስምንት ወይም ለዐሥር እናት ዶሮዎች አንድ ብርቱ አውራ ይበቃዋል። ከዚያ ሲበዛ አውራዎቹ እርስ በርሳቸው ይደማሉ፤ እናት ዶሮዎቹም ከመጋለብ ብዛት የጀርባቸው ላባ ይረግፋል።

ወደ ጓሮአችን እንመለስ። የቀዩ አውራ ዘር ፈጽሞ አልጠፋም ነበር። እርሱ ከመታረዱ በፊት ታቅፈው የነበሩ እንቁላሎች በመስከረም አጋማሽ ተፈልፍለው፥ ካደጉት ጫጩቶች አምስቱ ወንድ፥ ሁለቱ ሴት ሆኑ። ከሚፈለፈሉ ጫጩቶች ግማሽ ያህሉ ወንድ መሆናቸው የተፈጥሮ ሕግ ነው፤ አንዳንድ ጊዜም እንደ እኛ ዕድል ከግማሽ ይበልጣሉ። አምስቱ ወንድማማቾች በመጋቢት ወር ስድስት ወር ሞላቸው፤ በአንድ ሳምንት ውስጥም ሁሉም ጩኸት ተማሩ። ከአንካሳው ጋር ስድስት አውራ ማለት ነው።

በዶሮው ቤት አጠገብ ባለው ክፍል የሚኖሩት ሁለት ልጃገረዶች በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ የሚሰፉ ናቸው። ማታ ተረኛ ሲሆኑ ከ4 ሰዓት በኋላ ይገባሉ፤ እራት ሠርተው፥ ልብሳቸውን አጥበው ሲተኙ 6 ሰዓት ያልፋል። በ10 ሰዓት ስድስቱ አውራዎች ከግድግዳው ማዶ ይጀምራሉ። አንድ ቀን ጠዋት ታላቂቱ ዓይኗ ቀልቶ ወጣችና «እማማ፥ በሥራ ላይ እንቅልፍ ይዞኝ መርፌው ጣቴን ሊወጋኝ ነበር። ወይ ዶሮዎቹ ይውጡ፥ ወይ እኛ እንውጣ» አለቻቸው። እማማ ዝም አሉ። ልጃገረዶቹ ቢለቁ የሁለት ሰው ኪራይ ይቀራል፤ ዶሮዎቹ ቢሸጡ የልጁ ትምህርት ይቋረጣል። ታናሺቱም ወደ እኔ ዞር ብላ «መምህር፥ ይህ ዶሮ ሳይነጋ ነጋ የሚለው ለምንድን ነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

መልሱን የሰጡን በጃፓን የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2013 ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፥ አውራ ዶሮ ብርሃን ሳያይ እንኳ ጎሕ ከመቅደዱ በፊት የሚጮኸው በሰውነቱ ውስጥ ባለው የተፈጥሮ ሰዓት ነው። የመኪና መብራትና የሌላ አውራ ጩኸትም ያነሣሡታል። በ2015 ደግሞ ሌላ ነገር ጨመሩ፤ አብረው ከሚኖሩ አውራዎች መካከል መጀመሪያ የሚጮኸው አለቃቸው ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተሉታል። በቢሮ ለምትሠሩ አንባቢዎቼ ይህን ማስረዳት አያስፈልገኝም። ስድስት አውራ ካለ እንግዲህ አንዱ ጩኸት ስድስት ይሆናል፤ አንድ ብቻ ከሆነ ግን የሚመልስለት በቅርቡ የለምና ይቀንሳል። ጨርሶ ዝም የሚያሰኘው መድኃኒት የለም። ድምፁ እንዲያንስ ብለው አንገቱን በማሰሪያ የሚያጠብቁ ሰዎች በውጭ አገር አሉ፤ ሊያንቀው ስለሚችል አልመክራችሁም።

ስለዚህ በግቢው ተሰብስበን ተመካከርን። የዶሮውን ቤት ከልጃገረዶቹ ግድግዳ አንሥተን ከማድ ቤቱ በስተኋላ ተከልነው። ወደ ክፍሎቹ የሚመለከተውን ጎን በጭቃ መረግነው፤ አየር እንዲገባም በሌላው ጎን ከላይ ክፍት ተውንለት። በሩ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት እንዳይከፈት ተስማማን። አምስቱን ጎረምሶች ከእናት ዶሮዎቹ ለይተን በአንድ የሽቦ አጥር ውስጥ አኖርናቸው፤ አብረው ያደጉ ወንዶች ሴት በሌለችበት ብዙም አይጣሉምና። ከፋሲካ በኋላም በግቢው አንድ አውራ ብቻ እንዲቀር ቃል ተገባ። ልጃገረዶቹ «አንዱን እንችለዋለን» አሉ።

የቀረው ጥያቄ የትኛው ይቅር የሚለው ነበር። እማማ ከኑሮ ያወቁትን፥ እኔም ከመጽሐፍ ያነበብሁትን አዋጥተን መረመርናቸው። አረማመዱ ቀጥ ያለ፥ ዓይኑ የጠራ፥ ከወንድሞቹ ቀድሞ ያደገ መሆን አለበት። ጥሬ ሲያገኝ እናት ዶሮዎቹን «ቁቅ ቁቅ» ብሎ የሚጠራ መልካም አውራ ነው። ሰውን የሚዘል አውራ ግን የቱንም ያህል ቢያምር ለዘር አይቀመጥ፤ ከእግሩ በስተኋላ የሚበቅለው ሹል ጥፍር የሕፃን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል፤ ቁጣም ወደ ልጆቹ ይተላለፋል። በዚህ ሁሉ ሚዛን ከአምስቱ አንዱ በለጠ፤ አባቱን የመሰለው ቀይ።

ጸሎተ ሐሙስ ዕለት ሚያዝያ 9 ቀን የዶሮ ነጋዴው በራችንን አንኳኳ። ዋጋውን አልጽፍም፤ ይህ መጽሔት ከእጃችሁ እስኪደርስ ተለውጦ ይገኛልና። ነጋዴው ጎረምሶቹን አንድ በአንድ በእጁ መዘነና ከቀዩ ላይ ሲደርስ ቆመ። ለእርሱ ብቻ የሁለቱን ያህል ሊከፍል እንደሚችል ተናገረ። እማማ እኔን አዩኝ። የልጁ የመጨረሻው የትምህርት ክፍያ በሳምንቱ ይፈለግ ነበር።

«ቀዩን ሰጥቼ ሁለተኛውን ባስቀር ምን ይለኛል?» አሉ።

«እማማ፥ በእንቁጣጣሽም እንዲሁ ነው ያደረግነው» አልኋቸው።

«እሱስ ልክ ነህ፤ ግን ልጁን በዶሮ ተስፋ ትምህርት ቤት አላስገባው።»

ይህን ሲሉ መልስ አጣሁ። ለችግረኛ ሰው ስለ ነገ መስበክ ቀላል ነው፤ ዛሬን የሚከፍለው እርሱ ነውና። ከዚያ በኋላ የመጣልኝን ተናገርሁ። «አንካሳውን ለእኔ ይሽጡልኝ፤ ነጋዴው ለቀዩ በሰጠው ዋጋ» አልሁ። እማማ ተቆጡ። «ለበላኸው ዶሮ ሁለት ጊዜ አላስከፍልህም» አሉ። እኔም «የበላሁትን ዋጋውን አልከፈልሁም ነበር፤ አሁን ነው የማውቀው» አልኋቸው። ነጋዴው ሳቀብን፤ ለአንካሳ ዶሮ እንዲህ ያለ ገንዘብ ሲወጣ አይቶ አያውቅም ነበርና። በመጨረሻ እማማ ተሸነፉ። አራቱ ወንድማማቾች ሄዱ፤ የልጁ ክፍያ ሞላ፤ ቀዩ ቀረ። አንካሳው ገብስማ የፋሲካ ድስቴ ውስጥ ገባ። አጥንቱ ብዙ፥ ሥጋው ጥቂት ነበር፤ ነገር ግን ቅር ሳይለኝ በላሁት።

ቀዩ ከእናት ዶሮዎቹ ጋር ከተቀላቀለ በኋላ ሦስት ሳምንት ታገሥን። ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም፤ የአውራው ዘር በእናት ዶሮዋ ሆድ ሁለት ሳምንትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ አውራ በለወጡ ማግስት የተሰበሰበ እንቁላል የአሮጌው አውራ ልጅ ሊሆን ይችላል። በግንቦት አጋማሽ 11 እንቁላል አስታቀፍን፤ በሰኔ መጀመሪያ ዘጠኙ ተፈለፈሉ። እማማ ቆጥረው ደግመው ቆጠሩ።

አውራ ዶሮ ለዘር ብቻ እንዳይመስላችሁ። በሰኔ መጨረሻ አንድ ጠዋት በሬ ላይ ተቀምጬ የፈተና ወረቀት ሳርም፥ ቀዩ ድንገት እንደ ፉጨት የረዘመ ድምፅ አሰማ። ጫጩቶቹ ሁሉ ወደ እንሰቱ ሥር ሮጠው ጠፉ። ቀና ብል ጭላት ከአቮካዶው በላይ ሲያንዣብብ አየሁ። ከዓሣው ገበያ የሚመጡት ጭላቶች በሰፈራችን ስንት ጫጩት ወስደዋል! አውራ ዶሮ ከሰማይ ለሚመጣ ጠላትና በምድር ለሚመጣ ጠላት የተለያየ ድምፅ አለው፤ ጫጩቶቹም ልዩነቱን ያውቃሉ። ያን ዕለት ጭላቱ ባዶውን ተመለሰ።

ዶሮ ማርባት ለምታስቡ አንባቢዎቼ ሁለት ምክር ልጨምር። አዲስ አውራ ከገበያ ስታመጡ ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት፤ ፈንግል የተባለው በሽታ ብዙ ጊዜ ከጓሮ የሚገባው በበዓል ገበያ በኩል ነው፤ አንድ ጊዜ ከገባም ግቢውን ሙሉ ይጨርሳል። ክትባቱን በየጊዜው ከሰፈራችሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ሁለተኛም አውራው ከገዛ ልጆቹ ጋር ብዙ እንዳይቆይ፥ በዓመት በዓመቱ ራቅ ካለ ሰፈር ሰው ጋር ደኅናውን በደኅና ተለዋወጡ። የእኛም ቀይ ያደገው ከእናቱና ከእኅቶቹ ጋር ነውና፥ ይህ ዕጣ ይጠብቀዋል፤ ወደ ሌላ ጓሮ ሄዶ ያባዛል እንጂ ወደ ድስት አይሄድም።

ባለፈው ሳምንት «ወይ ዶሮዎቹ፥ ወይ እኛ» ያለችው ልጃገረድ ወደ እማማ ቀርባ «ከቀዩ ዘር ያለበት ዐሥር እንቁላል ይሽጡልኝ፤ ወላይታ ላለችው እናቴ እወስድላታለሁ» አለቻቸው። እማማም እንቁላሎቹን በሰፌድ ላይ በጭድ እያስተኙ «አትሽጡ በያት፤ ከሚወጡት ውስጥ ደኅናውን ታስቀር» ብለው አዘዟት።

እንግዲህ ወደ ሐዋሳ ስትመጡ ሐይቁን እዩ፤ ዓሣውንም ብሉ። በሌሊት 10 ሰዓት ከእንቅልፋችሁ የሚቀሰቅሳችሁን ድምፅ ስትሰሙ ግን አትርገሙት። በአንዱ ጓሮ፥ በአንዲት እናት ቤት፥ ሰው ሳይበላው የቀረ አንድ ደኅና አውራ አለ ማለት ነው።